ከክረምት በኋላ ትንንሽ ልጆችን ይዞ ጣና ዳር መዋል፦ ከግቢ በር እስከ ጀልባ

ክረምት ባህርዳር ላይ ረጅም ነው። ሰኔ ላይ የጀመረው ዝናብ ሀምሌና ነሀሴን ሲያወርደው ከርሞ መስከረም እስኪጠባ ድረስ ልጆቻችን ቤት ውስጥ ናቸው፣ ግቢው ጭቃ፣ በረንዳው እርጥብ፣ ከሶፋ ሶፋ እየዘለሉ ቲቪና ስልክ ላይ ተተክለው ነው ሶስት ወሩ የሚያልፈው። ከዛ ፀሀይዋ ብቅ ስትልና አደይ አበባው ሜዳውን ቢጫ ሲያደርገው ሁላችንም በአንዴ እንነሳና አንድ እሁድ ላይ ጀልባውንም አሳውንም ፎቶውንም ዘመድ ጥየቃውንም ጨምረን ህፃናቱን ከጠዋት እስከ ማታ ይዘናቸው እንዞራለን፣ ማክሰኞ ላይ ደግሞ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ የተቃጠለ ፊት። እንደዛ መሆን የለበትም። ትንሽ ልጅ የሚፈልገው አጭር፣ ቅርብ፣ ጠዋት የሆነና ቶሎ ቶሎ የሚደጋገም መውጣት ነው። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ሀይቁ ነው፣ ጣና ለልጆቻችን የሚታይ፣ የሚሰማ፣ በጀልባ የሚሄዱበት ነው እንጂ እግራቸውን የሚነክሩበት አይደለም፣ ለምን እንደሆነ ወደታች ስትወርዱ በደንብ እፅፈዋለሁ።

ከታች ያለው በቅደም ተከተል ነው፣ ከ6 እና 7 አመት በታች ልጆች ላሏችሁ። ህፃን ያላችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ፣ የሚሮጥ ልጅ ያላችሁ ደግሞ የመጀመሪያውን ቶሎ አልፋችሁ ሂዱ።

1. መጀመሪያ ግቢ ውስጥ አስለምዷቸው

ክረምቱን ሙሉ በጋቢ ተጠቅልሎ የከረመ ህፃን መስከረም ላይ በአንዴ የቀን ፀሀይ ውስጥ አይገባም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከቤት ደጅ አትራቁ። ህፃናት ፀሀይ ማግኘት አለባቸው ምክንያቱም አጥንታቸውን የሚያጠነክረውን ቫይታሚን ዲ ሰውነታቸው የሚሰራው በፀሀይ ነው፣ በክረምት ደግሞ ስንት ቀን ነው ያገኙት? የእግር መጥመም በሽታ (ሪኬትስ የሚባለው) ፀሀይ በሞላበት አገራችን ልጆች ላይ የሚታየውም አንዱ ምክንያት ህፃናቱን ሸፍነን ቤት ስለምናቆያቸው ነው።

አሰራሩ ቀላል ነው። ከጠዋቱ 2 ሰአት እስከ 4 ሰአት ባለው ጊዜ ንፋስ የማይበዛበት ቦታ ቁጭ በሉ፣ የልጁን እጅና እግር ገላልጡ፣ አይኑ ላይ ፀሀይ እንዳያርፍ ጀርባውን ስጡት ወይም ኮፍያ አድርጉለት። የመጀመሪያው ቀን 5 ደቂቃ ይበቃል፣ ከዛ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ እስከ 20 እና 30 ደቂቃ ድረስ። ቅቤም ቫዝሊንም ተቀብቶ ፀሀይ ላይ አይወጣም፣ ቆዳውን ያቃጥላል። መስኮት ዘግቶ በመስታወት ውስጥ የሚመጣው ፀሀይም ለዚህ ጉዳይ አይሰራም ምክንያቱም የሚፈለገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል።

እዚህ ላይ አያቶች ይቆጣሉ፣ "ልጁን ብርድ ታስመቺዋለሽ እኮ" ይባላል። ክርክር አያስፈልገውም፣ "እሺ እማዬ፣ ጀርባውን ሸፍኜለታለሁ፣ እጅና እግሩን ብቻ ነው" ብላችሁ አጠገባችሁ እንዲቀመጡ አድርጉ፣ ቡናውን በረንዳ ላይ አፍሉት፣ ልጁ ሲስቅ ሲያዩት እነሱ ራሳቸው በማግስቱ ፀሀይ ወጣ ብለው ይጠሯችኋል።

2. ሰአቱን ያዙ

ባህርዳር ከባህር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ወደላይ በወጣን ቁጥር የሚያቃጥለው ጨረር ይጨምራል፣ በዛ ላይ ከምድር ወገብ ሩቅ አይደለንም። ከሀይቁ የሚመጣው ንፋስ ቀዝቀዝ ስለሚያደርግ ደግሞ ሙቀቱ አይታወቅም፣ ልጁ ሳይሞቀው ይቃጠላል። ስለዚህ ከ4 ሰአት እስከ 10 ሰአት ያለውን የቀኑን መሀል ተዉት፣ ወይ ወፍራም ጥላ ስር ሁኑ ወይ ቤት ይተኙ።

የኔ ምርጫ ጠዋት ነው፣ ከ1 ሰአት ተኩል እስከ 4 ሰአት። ሀይቁ ረጋ ያለ ነው፣ ወፎቹ ይበዛሉ፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ ልጆቹም ከእንቅልፍ የተነሱ ስለሆኑ አያለቅሱም። ከሰአት መውጣት ካለባችሁ ከ10 ሰአት በኋላ ውጡና ጀምበር ሳትጠልቅ ቤት ግቡ፣ 12 ሰአት ላይ ሀይቅ ዳር ከልጅ ጋር መገኘት ለወባ ትንኝ ራት ማቅረብ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ማየት እፈልጋለሁ የምትሉ እረዳችኋለሁ፣ የጣና ጀምበር የምታሳሳ ናት፣ ግን ከመስከረም እስከ ታህሳስ ያለው የወባ ጊዜ ስለሆነ እሱን ለጥርና ለየካቲት አቆዩት፣ ያኔም ቢሆን እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ አልብሳችሁ።

3. ቦርሳው

ብዙ አትሸከሙ። የሚጠጣ ውሃ (የተፈላ ወይም የታሸገ)፣ ሌላ ሁለት ሀይላንድ የቧንቧ ውሃ ለእጅ መታጠቢያ፣ የአንዱን ክዳን በመርፌ ብሱትና ገልበጥ ሲያደርጉት እንደ ሻወር ይወርዳል ልጆቹም ደስ ብሏቸው ይታጠባሉ፣ ሳሙና፣ ሶፍት፣ ቅያሪ ሱሪና ካልሲ፣ ሰፊ ኮፍያ፣ ስስ እጀ ሙሉ ሹራብ፣ አንድ ነጠላ ወይም ጋቢ ለመቀመጫም ለጥላም ለመጠቅለያም ይሆናል፣ ፖፖ ለለመደ ልጅ ፖፖውን፣ ዳይፐር ለሚያደርገው ዳይፐርና መጣያ ፌስታል፣ ፕላስተር፣ አንድ ፍሬ ኦአርኤስ (ተቅማጥ ሲይዝ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው)። በቃ። የፀሀይ ክሬም ካላችሁ ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ ቀቡት፣ ከዛ በታች ያለውን ግን በጥላና በልብስ ነው የምትከላከሉለት።

የሚዘል ልጅ ጫማ ይልበስ፣ ክፍት ሳይሆን የተሸፈነ። ከዝናብ በኋላ ሳሩ ውስጥ እሾህም ስባሪ ጠርሙስም አለ፣ ሳማና አባጨጓሬም የሚበዛው በዚሁ ሰሞን ነው።

ምግብ ላይ፦ ሙዝ፣ ቅቅል ድንች፣ ዳቦ፣ ቅቅል እንቁላል፣ ብርቱካን። ቆሎ፣ ለውዝና ጥሬ ሽምብራ ከ5 አመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ፣ በተለይ እየሮጠ፣ ትንታ ገብቶ የአየር ቧንቧ ይዘጋል። ሸንኮራም ለትንንሾቹ እንደዛው ነው፣ ጨምቃችሁ ጭማቂውን ካልሆነ። ከ6 ወር በታች ላለው ህፃን ሙቀትም ቢሆን ውሃ አያስፈልገውም፣ ቶሎ ቶሎ አጥቡት፣ የናት ጡት ውሃውንም ምግቡንም ይዟል።

4. የት? ከቅርቡ ጀምሩ

የመጀመሪያው መውጫ ከቤታችሁ በእግር ወይም በአጭር ባጃጅ የሚደረስ ይሁን፣ አንድ ሰአት ቆይታችሁ የምትመለሱበት። ጊዮርጊስ አካባቢ ያለው የሀይቅ ዳር መሄጃ ለዚህ ጥሩ ነው፣ ዋርካና ሾላው ሰፊ ጥላ አለው፣ ጋሪም ይገፋበታል፣ ህፃን ያላችሁ ግን አንቀልባ ይሻላችኋል ምክንያቱም ሁለቱም እጃችሁ ነፃ ይሆናል፣ ለትልቁ ልጅ ደግሞ የግድ አንድ ነፃ እጅ ያስፈልገዋል። ሁለት ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ብቻችሁን ውሃ ዳር አትሂዱ፣ አባትየውን፣ አክስትን፣ የጎረቤት ልጅን ጥሩ።

ሁለተኛው ቤዛዊት ነው። ኮረብታው ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግስት አለ፣ እሱን ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም፣ ግን ለልጆቹ የምንሄደው ለእሱ አይደለም፣ ከላይ ሆኖ አባይ ከጣና ወጥቶ በዛፎቹ መሀል ሲጠማዘዝ ይታያል። ልጅ "ወንዝ ከየት ይመጣል?" ብሎ ሲጠይቅ በጣት እያሳዩ መመለስ የሚቻልበት ሌላ እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ የለም። ዳገቱን በባጃጅ ውጡት፣ የ3 አመት ልጅ አይወጣውም፣ መጨረሻ ላይ እናንተ ናችሁ የምትሸከሙት። ስትመለሱ አዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ ብትቆሙ ደግሞ ወንዙን ከላይ ቁልቁል ያዩታል፣ 380 ሜትር ነው፣ በልጅ እግር ጥሩ ጉዞ ነው።

ዝንጀሮና ጦጣ ባለበት ቦታ ልጆች ምግብ በእጃቸው አይያዙ፣ ጦጣዋ ሙዙን ስትነጥቅ ልትቧጭር ትችላለች። የማታውቁት ውሻም ጋር አታስጠጓቸው። ከነከሰ ወይ ከቧጨረ ቁስሉን እዛው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ወዲያው ጤና ተቋም፣ ቆይ ነገ እንይ አይባልም፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም።

5. ውሃው፦ ይሄን በደንብ አንብቡት

ሁለት ነገር ነው የሚያስፈራኝ፣ አንዱ የሚታይ አንዱ የማይታይ።

የሚታየው መስመጥ ነው። ጣና ከፍ የሚለው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው፣ ወንዞቹ ያመጡትን ውሃ ይዞ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ሞልቶ ይታያል። ይሄ ማለት በግንቦት ደረቅ ሳር የነበረው ቦታ አሁን ውሃ ስር ነው ማለት ነው። ሳሩ ግን አሁንም ከውሃው በላይ ብቅ ብሎ ይታያል፣ ደንገሉም መሬት ላይ የቆመ ነው የሚመስለው፣ ልጅ "ሳር ነው" ብሎ ሲረግጠው ጉልበቱ ድረስ ይገባል፣ ከስሩ ደግሞ የሚይዝ ጭቃ ነው። ስለዚህ ስትደርሱ መጀመሪያ እናንተ ቅደሙና ዳሩ የት እንደሆነ በእንጨት ነካክታችሁ እዩ፣ ከዛ ከዳሩ አስር ትልልቅ እርምጃ ወደኋላ ተመልሳችሁ ጋቢያችሁን አንጥፉ። ለልጆቹ የሚታይ ምልክት አድርጉላቸው፣ አንድ ዛፍ ወይ ድንጋይ፣ "ከዚህ ዛፍ ወዲያ ያለ እጄ አይታለፍም"። ከ5 አመት በታች ያለ ልጅ ውሃ አጠገብ ሲሆን እጃችሁ የሚደርስበት ርቀት ላይ ይሁን፣ ስልክ ቦርሳ ውስጥ። ልጅ ሲሰምጥ አይጮህም፣ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው።

የማይታየው ቢልሀርዚያ ነው። ጣና ዳር ይሄ በሽታ እንዳለ የታወቀ ነው። ጥልቀት በሌለው ሳር በበዛበት ዳር ላይ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ፣ ከእነሱ ውስጥ በአይን የማይታዩ እጮች ይወጡና ውሃው ውስጥ ይዋኛሉ፣ የሰው ቆዳ ሲያገኙ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስረው ይገባሉ። ልጁ ምንም አያመውም፣ ምናልባት ትንሽ ያሳክከው ይሆናል። ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ነው የሆድ ቁርጠቱ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጡ፣ ድካሙ የሚመጣው፣ ቶሎ ካልታከመ ጉበትን ይጎዳል ልጁም እንደ እኩዮቹ አያድግም። እጮቹ በብዛት የሚወጡት ደግሞ ብርሀን ሲበረታ ነው፣ ማለትም ልጁ ሞቆት "እማ እግሬን ልንከር" በሚልበት ሰአት። "እኛ እዛው ስንዋኝ ነው ያደግነው" የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እውነት ነው፣ ብዙዎቹም ታመዋል፣ ምርመራ ስላላደረጉ ሆድ ቁርጠት ብለው ያለፉት አለ። ልጃችሁ ገብቶ ከሆነ ፎጣ ይዞ ማድረቁ ብቻ አያስተማምንም፣ ከአንድ ወር ተኩል ወይ ከሁለት ወር በኋላ ሰገራ አስመርምሩለት፣ መድሀኒቱ አለ፣ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ ጤና ባለሙያ በክብደቱ ለክቶ ነው የሚሰጠው።

ጉማሬም አለ። በተለይ አባይ ከሀይቁ በሚወጣበት አካባቢ፣ ቀን ውሃ ውስጥ ነው ማታ ለግጦሽ ይወጣል፣ በውሃውና በእሱ መሀል የገባን ሰው አይምርም። ይሄም ከ12 ሰአት በፊት ቤት ለመግባት አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው።

ታዲያ ልጅ ውሃ ሳይነካ ምን በጋ አለው? ትክክል ናችሁ፣ ውሃ መጫወት አለባቸው፣ መልሱ ሳፋ ነው። ሰፊ ሳፋ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ጠዋት ሞልታችሁ ግቢ ውስጥ ፀሀይ ላይ አስቀምጡት፣ 5 ሰአት አካባቢ ለብ ይላል፣ ጥላ ስር ጎተት አድርጋችሁ ልጆቹን አስገቧቸው፣ ጣሳ፣ ወንፊት፣ የሀይላንድ ክዳን ስጧቸው። አንድ ትልቅ ሰው አጠገባቸው ይቀመጥ፣ ጥቂት ጣት ውሃም ህፃን ያሰምጣል፣ ሲጨርሱ ወዲያው ድፉት፣ አለበለዚያ የትንኝ መራቢያ ይሆናል።

6. ምን እናድርግ እዛ?

ታንኳ ስሩ። በጣም የምወደው ይሄ ነው። ጣና ላይ ደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎችን ልጆቹ እያዩ ነው የሚያድጉት፣ ትንሹን ራሳቸው ሲሰሩት ደግሞ ፊታቸውን ማየት ነው። ዳር ላይ የወደቀ ደረቅ ደንገል እናንተ አንሱላቸው፣ ካጣችሁ ደረቅ ቄጠማ ወይ ሰንበሌጥ ይሆናል። አንድ ጭብጥ የሚሞላ ያህል፣ ርዝመቱ ክንድ የሚሆን። ወፍራም ወፍራሙን ጫፍ ወደ ኋላ ቀጭን ቀጭኑን ወደ ፊት አድርጋችሁ ደርድሩት፣ መሀሉን በክር ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ሁለቱን ጫፍ ግን ጠበቅ። ከዛ ቀጭኑን ጫፍ ወደላይ ቀልበስ አድርጉና ከአፍንጫው እስከ መሀሉ ክር ወጥራችሁ እሰሩት፣ እንደ ደጋን ተወጥሮ ይቀራል። አሁን ውሃ ላይ ብታስቀምጡት ይገለበጣል፣ ስለዚህ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን ጥቅል ጨምሩለት፣ መሀሉ ጎድጎድ ይላል፣ ቆመ! ልጆቹ ጠጠር ይጫኑበት፣ ቅጠል ይጫኑበት፣ ሳፋው ውስጥ ከዚህ ዳር እዛ ዳር ይሂድ። ቆይቶ ሲከብድና ዝቅ ሲል "ለምን ሰመጠ?" ይላሉ፣ ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ነው፣ ትልቁንም ታንኳ ባለቤቶቹ ከስራ በኋላ ወደ ዳር ስበው የሚያደርቁት ለዚህ ነው፣ የናንተንም ፀሀይ ላይ አስደግፉትና ነገ ድጋሚ ይሄዳል።

ወፍ ማየት ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር የሆነችውን አሳ አጥማጅ ወፍ ፈልጉ፣ ውሃው ላይ አየር ውስጥ እዛው ቦታ ክንፏን እያርገበገበች ትቆማለች፣ አንገቷን ወደታች፣ ከዛ ድንገት በአፍጢሟ ውሃ ውስጥ ጥልቅ ስትል ልጆቹ ይጮሃሉ፣ አሳ ይዛ ወጣች አልያዘችም ብሎ መገመት በራሱ ጨዋታ ነው። ፔሊካን አለ፣ ከመንቁሩ ስር ከረጢት ያለው። ዋርካው ላይ ቀና ካላችሁ ትልቅ መንቁር ከነቀንዱ የሚመስል ያላት ወፍ ክንፏ እየተሰማ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ትሄዳለች። ደንገሉ ጫፍ ላይ የተንጠለጠሉ ክብ ጎጆዎችን ቁጠሩ፣ የ4 አመት ልጅ እስከ አስር መቁጠር የሚለማመደው እንደዚህ ነው።

አደይ አበባ እስከ ጥቅምት አለ። እኛ ጎጃም ለእንቁጣጣሽ እንግጫ ነቅለው ከአደይ ጋር የሚጎነጉኑ ልጃገረዶች አሉ፣ ያንኑ ጉንጉን ትንንሾቹን አስተምሯቸው፣ ሶስት ቀጫጭን ሳር እንደ ፀጉር ሹሩባ ይጎነጎናል፣ በመሀል በመሀል አበባ ይሰካል፣ ጭንቅላታቸው ላይ አድርጉላቸው። አበባየሆሽን ወንዱም ሴቱም ይዝፈን፣ ቤት ውስጥ ማን ይከለክላል። ለሚሮጡት አኩኩሉ፣ አባሮሽ፣ ሰኞ ማክሰኞ መሬት ላይ በእንጨት ጭራችሁ፣ ትንንሾቹ ደግሞ እቃ እቃ። አኩኩሉ ውሃ ዳር አይሆንም፣ የሚደበቅ ልጅ ወዴት እንደሄደ አታውቁም፣ እሱን ግቢ ውስጥ ወይ ሜዳ ላይ አድርጉት። ለጨዋታው ፕሮግራም አታውጡለት፣ አንድ ልጅ ጉንዳን እያየ ግማሽ ሰአት ከተቀመጠ ተዉት፣ አትጎትቱት።

7. ጀልባ

ልጆቹ ከለመዱ በኋላ፣ ሁለት ሶስት ቅዳሜ ካለፈ በኋላ። መጀመሪያ ወደ ደብረ ማርያም ደሴት አጭሯን ሂዱ፣ አባይ ከሀይቁ በሚወጣበት አካባቢ ናት፣ ከከተማው ቅርብ ስለሆነች ህፃኑ ቢያለቅስ ቶሎ ትመለሳላችሁ። እናቶች፣ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም፣ ደብረ ማርያምና እንጦስ ኢየሱስ ግን ይገባል፣ ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት እወቁት።

ጠዋት ነው የሚኬደው። ከሰአት ንፋሱ ይነሳል፣ ጣና ሰፊ ግን ጥልቀቱ ትንሽ ነው፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳን 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ በትንሽ ንፋስ ማዕበሉ ቶሎ ይነሳል። ከባለጀልባው ጋር ዋጋ ከመነጋገር በፊት "ወንድሜ፣ የልጅ ላይፍ ጃኬት አለህ?" በሉት፣ "አለ" ካለ "እስቲ አሳየኝ፣ ልለካለት" በሉ። የትልቅ ሰው ላይፍ ጃኬት ለህፃን አይሆንም፣ ሾልኮ ይወጣል። ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደላይ ስትስቡት ጆሮው ድረስ ከመጣ ሰፊ ነው፣ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ህፃን በአንቀልባ እንደታዘለ ጀልባ ላይ አይቀመጥም፣ ፊት ለፊት እቅፍ። ልጆች መሀል ይቀመጡ፣ እጅ ወደ ውጭ አይሰደድም፣ ለመውረድ የሚነሳው ጀልባው ከታሰረ በኋላ ነው።

ዘጌ ላይ ለመሄድ ልጁ ከ4 አመት በላይ ቢሆን ይመረጣል፣ በጀልባ አንድ ሰአት ገደማ ነው። ደርሳችሁ ግን ጥላ በጥላ ነው፣ ከወደቡ እስከ ኡራ ኪዳነ ምህረት ያለው መንገድ በቡና ዛፍ መሀል ያልፋል፣ ከጥቅምት በኋላ ፍሬው መቅላት ይጀምራል፣ ቤት ጀበና ውስጥ የሚያዩት ቡና ቀይ ፍሬ ሆኖ ዛፍ ላይ ማየት ለልጅ ትልቅ ነገር ነው። ቤተክርስቲያኑ ውስጥ ጫማ አውልቀው ሲገቡ የግድግዳውን ስእል ቀስ ብላችሁ አሳዩዋቸው፣ አንድ ፈረስ፣ አንድ መልአክ፣ ከዛ በላይ አትጨምሩ፣ ይደክማቸዋል። ካህናቱንና መነኮሳቱን "አባ" እያሉ እጅ እንዲነሱ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ጢስ አባይስ? 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ፏፏቴው ሞልቶ የሚታየውም አሁን ከክረምት ማግስት ነው፣ ግን መስከረም ላይ መንገዱ ጭቃና የሚያንሸራትት ስለሆነ ትንሽ ልጅ ላላችሁ ጥቅምት ይሻላል። በአሮጌው የድንጋይ ድልድይ በኩል ያለው መንገድ ረጅምና ወጣ ገባ ነው፣ በጀልባ ተሻግሮ ያለው ያጥራል፣ ጫፍ ላይ አጥር ስለሌለ ልጅ ትከሻ ላይ ወይ እጅ ላይ ነው እንጂ ለብቻው አይለቀቅም።

አሳ መብላት ካማራችሁ ቆሮሶም ይሁን አምባዛ ለልጆቹ እናንተ በጣታችሁ ፈልፍላችሁ እሾሁን አውጥታችሁ ስጧቸው፣ ሎሚ ይጨመቅበት፣ ጥሬ ክትፎውን ግን ለነሱ አይሆንም።

8. ቤት ስትገቡ

እጅና እግር በሳሙና፣ ልብስ መቀየር፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ከብብትና ከጉልበት ኋላ መዥገር እንዳለ ማየት፣ ውሃ ማጠጣት፣ ከዛ ይተኛሉ፣ አጎበር ውስጥ። አጎበሩ ፍራሹ ስር በደንብ ይወተፍ፣ የተቀደደ ካለ በመርፌና ክር ስፉት።

ተቅማጥ ከጀመረ አንዱን ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንፁህ ውሃ በጥብጡ፣ በማንኪያ ቶሎ ቶሎ፣ ጡትና ምግብ አይቋረጥም፣ ጤና ጣቢያ ሂዳችሁ ዚንክም ጠይቁ። አይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንት ካቆመ፣ መጠጣት ካቃተው አትጠብቁ።

ትኩሳት ሲሆን ደግሞ "ምች ነው" ብላችሁ ዳማከሴ አሽታችሁ እንዳትቀመጡ። ዳማከሴውን የምትወዱት ከሆነ እሽት አድርጉ፣ ግን በዚሁ ቀን ደሙ ይመርመር፣ በዚህ ሰሞን ባህርዳር ዙሪያ የልጅ ትኩሳት ሁሉ ወባ አለመሆኑ በምርመራ እስኪታወቅ ድረስ ወባ ነው ብላችሁ ነው የምትነሱት። ወባ ከተነከሰበት ቀን አንስቶ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ ሀኪሙ ሲጠይቃችሁ ያለፈውን ሳምንት ብቻ ሳይሆን ከዛ በፊት የት እንዳመሻችሁም ንገሩት። ልጁ ከተሻለው በኋላ አንድ ሳምንት ግቢ ውስጥ ይቆይ፣ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ፣ ከዛ ድጋሚ ከቅርቡ ጀምሩ።